ዓይን አፋሩን ልጅ ወደ መድረክ አትግፉት

ልጆችን ቃል ሳይሸመድዱ በቅጽበት እየፈጠሩ በሚጫወቱት የድራማ ጨዋታ ማለማመድ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ወንበሩን ጥግ ማስያዝ፣ ልጆቹን ክብ ማስቆም፣ ማጫወት፤ በቃ። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ አሠልጣኝ ይመጣል፣ ያንኑ የአምናውን ስህተት ይደግማል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አሠልጣኙ ክፍሉን ይቃኝና አንገቷን የደፋችውን ልጅ ይመርጣል። «ነይ እስቲ አንቺ፣ ውጪና አንበሳ ሁኚልን! ምን ያስፈራሻል?» ሠላሳ ልጅ ዓይኑን ይተክልባታል። የቀሚሷን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ከኋላ አንዱ ይስቃል። አሠልጣኙ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» ይላል፤ ሲጨንቀው ደግሞ «አጨብጭቡላት!» ብሎ ያስቀምጣታል። ፍርሃት በግድ ሲጋፈጡት ይለቃል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን እንደ ውለታ ይቆጥረዋል። ልጅቷ ግን የተማረችው ስትፈራ ሰው ሁሉ እንደሚያያት ነው። በሳምንቱ ሆዷን ያማታል። ሰበብ አይደለም፣ እውነትም ያማታል።

እባካችሁ ተመልካች አታብጁ! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫወት። ሁሉም ዝናብ ይሁን፤ ሁሉም በመርካቶ መሐል ሸክም ይዞ «ዞር በሉ!» እያለ ይለፍ። ሁሉም ሥራ ሲይዝ ማንም ማንንም አያይም። ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ አራት አራት እየሆኑ ይጫወቱ። ለዝምተኛው ልጅ ደግሞ ንግግር የሌለበት፣ ግን ጨዋታው ያለ እርሱ የማይሄድበት ሚና ስጡት። አንድ ጊዜ ታክሲ ስንጫወት ቃል የማትተነፍስ ልጅ የሚኒባሱ በር ሆነች። ሥራዋ ረዳቱ እጀታውን ሲስብ «ሽርርር» ብላ መከፈት ብቻ ነበር። ሾፌሩም ረዳቱም ሒሳብ አልከፍልም ያለው ተሳፋሪም ይጯጯኻሉ። ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» ሲል በሩ አልከፈትም አለ። ረዳቱ ሳበ፤ እምቢ። «ምን ሆንሽ?» ሲላት በሩ፣ «መጀመሪያ ሒሳቡን ይክፈል» አለ። ተናገሪ ያላት ሰው አልነበረም።

«የተሳሳተ ይውጣ» የሚባሉትን ጨዋታዎች ተዉአቸው። ቀድሞ የሚወጣው ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው፤ ልምምዱ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው።

ጨዋታ አቁሞ ማረም ሌላው ስህተት ነው። አሜሪካዊቷ የቴአትር መምህርት ቫዮላ ስፖሊን በቺካጎ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን ስታሠለጥን ጨዋታውን ሳታቋርጥ ከዳር አጭር ቃል ትወረውር ነበር። ድንጋይ የተሸከመ መስሎ የሚጫወተውን ልጅ «እንደሱ አይደለም፣ ቁም» ከማለት «ከባድ ነው! ከባድ ነው!» በሉት፤ ጉልበቱ ራሱ ይታጠፋል። ሙገሳም እንደ ወቀሳ ልጁን የመምህሩ ፊት ባሪያ እንደሚያደርገው የተናገረችው እርሷው ናት። ስለዚህ «ጎበዝ»ን ላሳቀው ልጅ ብቻ አታድሉ። አንዱ ከተሳቀለት ሁሉም አስቂኝ ለመሆን ይሻማል፣ ጨዋታውም ያበቃል።

ጨዋነትን ከፍርሃት የሚያምታታም ሞልቷል። ታላቁ ሲናገር ዓይኑን ዝቅ እንዲያደርግ ያደገውን ልጅ «ዓይኔን እያየህ መልስልኝ» ማለት ከቤቱ ጋር ማጣላት ነው። ድፍረቱን መጀመሪያ ከእኩዮቹ ጋር ይለማመደው። ለዚህ ደግሞ ከቪዲዮ የተለቀመ ጨዋታ አያስፈልግም፤ እንካ ሰላንቲያ አለላችሁ! «በምን ቲያ?» ሲባል ልጁ ቤት የሚመታ ስንኝ በቅጽበት መፍጠር አለበት፤ ቤት እስከመታ ድረስ ሌላ ጊዜ የሚያስቆጣው ነገር ሁሉ ያስቃል። እንዲህ ያለ የፈጠራ ጨዋታ በእጃችን እያለ ሌላ ፍለጋ መሄዳችን ይገርመኛል።

የባልንጀራን ሐሳብ ተቀብሎ የራስን መጨመር የድራማ ጨዋታ ዋና ሕግ ነው። ሕጉ የሚሠራው ግን ለታሪኩ ነው። ልጁ እንዳይነኩት ወይም እንዳያቅፉት ከፈለገ «እምቢ» ማለት መብቱ መሆኑን ጨዋታው ሳይጀመር ንገሩት።

«ማታ ቤታችሁ ምን እንደሚመስል ሠርታችሁ አሳዩን» የሚለውን ትእዛዝ ፈጽሞ አትስጡ። አንድ አሠልጣኝ ይህን ሲል አንድ ልጅ በሩን የበረገደ መስሎ ገባና ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ «የት ነበርሽ?» ብሎ ጮኸ። የሚያውቁት ልጆች ዝም አሉ፣ የማያውቁት ሳቁ። አሠልጣኙም አብሮ ሳቀ! የቤት ጉዳይ በጨዋታ መሐል ሳይታሰብ ከወጣ በልጆች ፊት ጥያቄ አታብዙ፤ ጨዋታውን በዘዴ ቀይሩና በኋላ ልጁን ለብቻው በእርጋታ አነጋግሩት፤ አደጋ ላይ ያለ ከመሰላችሁም ለሚመለከተው ሰው አሳውቁ። ቁጣና ጠብ መለማመድ ካስፈለገ ጅብና አህያ ይጣሉ። ሲያበቁ ልጆቹ እጅ እግራቸውን ያራግፉ፣ የየራሳቸውን ስም ጠርተው ከሚናው ይውጡ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ደግሞ ወራት የፈጀው የፈጠራ ጨዋታ በሁለት ሳምንት ወደ ሽምደዳ ይለወጣል። ቃል የጠፋው ልጅ መድረክ ላይ ይደርቃል፣ እናቱ ከታች በከንፈሯ ትነግረዋለች፣ ስልኩ ሁሉ ይቀርጻል። ወላጆችን ጥሯቸው፤ ወንበር ግን አትደርድሩላቸው፤ ገብተው ከልጆቹ ጋር ይጫወቱ።