ገንዘብ «አወጣሁ» ለማለት፦ ስፔንድ፣ ፔይ ወይስ ኮስት?

«ለቦርሳው 2,000 ብር አወጣሁ» እንላለን፤ «ቦርሳው 2,000 ብር ያወጣል»ም እንላለን። በአማርኛ ግሱ አንድ ስለሆነ እንግሊዝኛ ስንናገር የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ግሱን ከመምረጥዎ በፊት የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ይለዩ፦ ሰው ነው ወይስ ዕቃ?

ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሆነ ኮስት ነው፦ «ዘ ባግ ኮስትስ 2,000 ብር»። በኃላፊ ጊዜም ኮስት እንዳለ ይቀራል፤ «ኮስትድ» አይባልም። ገንዘቡ የወጣበትን ሰው ለመጨመር ያለ መስተዋድድ ከግሱ ቀጥሎ ማስገባት ነው፦ «ዘ ባግ ኮስት ሚ 2,000 ብር»። «አይ ኮስት 2,000 ብር» ያለ ሰው ግን የቦርሳውን ሳይሆን የራሱን ዋጋ ተናገረ።

ባለቤቱ ሰው ሲሆን ምርጫው በስፔንድ እና በፔይ መካከል ነው፤ ዋናው ጣጣም ያለው እዚህ ነው። ስፔንድ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ ይናገራል፣ ተቀባዩ አይነሳም። መስተዋድዱ ኦን ነው፦ «አይ ስፔንት 2,000 ብር ኦን ዘ ባግ»። «ለቦርሳው» ብለን ስለምናስብ «ፎር» አፋችን ላይ ይመጣል፤ ይጠንቀቁ። ቀጥሎ ግስ ከመጣ ደግሞ መስተዋድዱ ቀርቶ ግሱ «ኢንግ» ይጨምራል፦ «አይ ስፔንት 500 ብር ፊክሲንግ ማይ ፎን»።

ፔይ ለአንድ ተቀባይ ማስረከብ ነው። ተሳቢው ተቀባዩ (ፔይ ዘ ድራይቨር)፣ ገንዘቡ (ፔይ 200 ብር) ወይም ዕዳው (ፔይ ዘ ሬንት) ሊሆን ይችላል። የተገዛው ነገር ግን የግድ ፎር ይፈልጋል፦ «አይ ፔይድ ፎር ዘ ኮፊ»። «አይ ፔይድ ዘ ኮፊ» ቡናውን ደመወዝተኛ ያደርገዋል። የቤት ኪራይ፣ የመብራት ሒሳብ፣ ግብር እና ቅጣት ራሳቸው ዕዳ ስለሆኑ ፎር አያሻቸውም። ሁሉም አንድ ላይ ሲመጡ ቅደም ተከተሉ ተቀባይ፣ ገንዘብ፣ ከዚያ ፎር ነው፦ «አይ ፔይድ ዘ መካኒክ 800 ብር ፎር ዘ ብሬክስ»።

ያንኑ ክፍያ ከጠያቂው ወገን ሲያዩት ቻርጅ ይሆናል፦ «ዘ መካኒክ ቻርጅድ ሚ 800 ብር»። አቅም አይፈቅድም ለማለት ደግሞ አፎርድ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከካን ጋር ይሄዳል፦ «አይ ካንት አፎርድ ኢት»።