የተጣለ ላፕቶፕ፦ ይጠገን ወይስ ይቅር?

የተጣለ ላፕቶፕ ስታገኙ ቻርጀር ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ ገልብጡና ሆዱን እዩት። ክዳኑ ወደ ውጭ ተገፍቷል? ታችፓዱ ከፍ ብሏል? ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል? እንግዲያው ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ከተበሳ ወይም ከታጠፈ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቻርጅ አታድርጉት፣ በካቻቢቴም አትፈልቅቁት። እንዲህ ያለውን ባትሪ የሚያውቅ ሰው ያውጣው። ባትሪው ከወጣ በኋላ ግን አብዛኞቹ ላፕቶፖች በቻርጀር ብቻ ይነሳሉ፤ ስለዚህ ባትሪ ስላበጠ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ።

ቀጥሎ ፈሳሽ ነክቶት እንደሆነ አጣሩ። ኪቦርዱ ይጣበቃል? መሰኪያዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር አለ? ካለ አታብሩት። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት የሚለውን ምክር እርሱት፤ ውሃው ቢደርቅም ስኳሩና ጨው ቦርዱ (ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ቀርቶ ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ባትሪውን ነቅሎ፣ ከፍቶ፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ነው የሚያዋጣው። ዝገቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ይሞከራል። ፕሮሰሰሩ (ዋናው ስሌት የሚሰራው ቺፕ) አካባቢ ከተስፋፋ እኔ አልደክምበትም።

ይህን ካለፈ ይሰካ። ክብ መሰኪያ ላለው ላፕቶፕ የቻርጀሩ ቮልት ላፕቶፑ ሆድ ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት፤ አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለውም። መብራት በርቶ፣ ፋኑ ዞሮ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ሞቷል" ብሎ የሚጥለው ይህንኑ ነው። የስልካችሁን መብራት ስክሪኑ ላይ በጎን አብሩ። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። ከዚያ በኤችዲኤምአይ ከሌላ ሞኒተር ጋር አገናኙት። እዚያ ምስል ከመጣ ማዘርቦርዱ በአብዛኛው ደህና ነው፤ ችግሩ ስክሪኑ ወይም የስክሪኑ ገመድ ጋ ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። ምንም ካልመጣ ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅላችሁ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጫኑት፣ ራሙን (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ካርዱን) አውጥታችሁ መልሱ፣ ሁለት ከሆነ አንድ በአንድ ሞክሩ። በላላ ራም ምክንያት ብቻ የተጣለ ማሽን አለ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ዝም ካለ ጣጣው ቦርዱ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ የቦርድ ጥገና ደግሞ ማይክሮስኮፕና ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ለአሮጌ ማሽን አያዋጣም።

ተነስቶ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ፓስወርድ ከጠየቀ፣ ወይም ማክቡክ ሆኖ የቀድሞ ባለቤቱን የአፕል አካውንት ከጠየቀ፣ ወይም የአንድ ድርጅት ንብረት ነኝ ካለ፣ አንድም ዕቃ እንዳትገዙለት። የተሰረቀ ሊሆንም ስለሚችል ባለቤቱን መፈለግ ይቀድማል። ክፍት ከሆነም የሰው ፎቶና ፋይል አትበርብሩ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሰርዙት።

አሁን ሂሳብ። ሞዴሉን ከስር አንብቡና ያው ላፕቶፕ ያገለገለ ግን የሚሰራ በስንት እንደሚሸጥ እዩ። የጎደለውን ሁሉ ደምሩ፦ ቻርጀር፣ ባትሪ፣ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ)፣ ስክሪን። ድምሩ ከዚያ ዋጋ ግማሽ ካለፈ እኔ እተወዋለሁ፤ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር አይጠፋም። በተለይ የተሰበረ የስክሪን ማጠፊያን አትናቁ። ብረቱ ርካሽ ነው፣ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ ከተፈረካከሰ ግን ሙሉ ሽፋን መቀየር ይመጣል።

ዕድሜውንም አስቡ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዚያ ያረጀ ላፕቶፕ ከሆነ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ጭናችሁ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለልጆች ትምህርት በደንብ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት ከሆነ ወይም መጨመር ከተቻለ። 4 ጊጋባይት ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡበት።

የማይጠገን ከሆነም ራሙን፣ ኤስኤስዲውን፣ የዋይፋይ ካርዱን፣ ደህና ከሆነ ስክሪኑንም አውጡለት፤ ለሌላ ማሽን መለዋወጫ ይሆናሉ። ባትሪውን ግን ከቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት፣ የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ለሚሰበስቡ ስጡ።