ተጫዋቹ ለብቻው ሲሄድ፦ የጆይስቲክ ችግርና መፍትሄ

ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ኬብል ቀይራችሁ፣ ከኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በስፒል ነክታችሁ እምቢ እንዳላችሁ ይዤ ነው የምጀምረው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ያልሆነውን እንለይ። ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ ቆይቶ ነው የሚታዘዘው? ቲቪው ጌም ሞድ (ምስሉን ሳያዘገይ የሚያሳየው ሴቲንግ) ላይ አይደለም። ኦንላይን ላይ ተጫዋቹ እየዘለለ ይሄዳል? ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ሞክሩት። ኮንሶሉ እንደ ጀነሬተር ጮሆ ይጠፋል? አቧራ ነው፣ አለዚያም ቴርማል ፔስቱ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚያስወጣው ቅባት) ደርቋል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰሞኑን ኤፍሲ የሚባለውን የኳስ ጌም የሚጫወት ልጅ ሁሉ "ጌሙ ያዳላል፣ ተከላካዬ ቦታውን ለቆ ይሄድብኛል" ይለኛል። ጌሙን ከመርገማችሁ በፊት ሜኑ ላይ አቁሙትና ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ ማንም ሳይነካው ምርጫው ወደታች ከወረደ ጥፋተኛው ጆይስቲኩ ነው። ድሪፍት ይሉታል።

እያንዳንዱ አናሎግ (በአውራ ጣት የምትገፉት እንጨት) ጎን ላይ ፖቴንሽዮሜትር የሚባል ሁለት አንባቢ አለ፣ አንዱ ግራ ቀኙን አንዱ ላይ ታቹን ያነባል። ውስጡ ጥቁር የካርቦን መስመር አለ፣ እሱ ላይ ቀጭን ብረት ይፋተጋል። በተጫወታችሁ ቁጥር ካርቦኑ ይፋቃል፣ ዱቄቱም እዛው ይከማቻል። ለዛ ነው ኳስ በሚጫወት ሰው ጆይስቲክ ላይ የግራው ቀድሞ የሚሄደው፣ ጣቱ ከሱ ላይ አይነሳማ።

አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው ልጅ ያንኑ ጆይስቲክ በአንድ ወር ሶስቴ አመጣልኝ። ስከፍተው አናሎጉ ስር የቺፕስ ፍርፋሪ ከለስላሳ ጋር ተጋግሮ ቁጭ ብሏል፣ በዛ ላይ ዘይትነት ያለው ስፕሬይ ነፍቶበታል። ስፕሬዩ ሁለት ቀን አሰራው፣ ከዛ አቧራውን ሰብስቦ ጭቃ አደረገው። እባካችሁ ዘይት አትንፉበት! ቤንዚንም አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

መፍትሄው፦ የፒኤስ 4 ከሆነ አራቱን ብሎን ፍቱ፣ ሽፋኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ (በጉልበት የከፈተ ሁሉ ሪባን ኬብሉን (ሁለቱን ክፍል የሚያገናኘውን ስስ ጠፍጣፋ ሽቦ) በጥሶ ነው የሚመጣው፣ የኤል 2 ቁልፍ ስፕሪንግም ተፈናጥሮ ይጠፋል)፣ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። የፖቴንሽዮሜትሩን ክዳን በቀጭን ካቻቢቴ አላቁና ነጯን ዲስክ አውጥታችሁ ጥቁሩን መስመር በጥጥና በ99 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉ። 70ው ውሃ ስላለበት በደንብ ሳይደርቅ እንዳትገጥሙት።

ካርቦኑ ነጥቶ ከተሰነጠቀ ግን ማጽዳቱ ለሳምንት ነው፣ አናሎጉ ይቀየር። 14 እግር አለው፣ ስታኞውን በደንብ ሳትመጥጡ ከጎተታችሁት ቦርዱ ይላጣል። እና እነዛን በከረጢት የሚሸጡ ርካሽ አናሎጎች አትግዙ! ገና ከላስቲኩ ሲወጡ መሃላቸው የተዛባ ስንቱን ነቅዬ ጥያለሁ። ትንሽ ጨምራችሁ ሆል ኢፌክት የሚባለውን ፈልጉ፣ በማግኔት ስለሚያነብ የሚፋቅ ነገር የለውም፣ ድሪምካስት እንኳን በ1998 እ.ኤ.አ. ይዞት የወጣ ነገር ነው። ከገጠማችሁት በኋላ ካሊብሬት ይደረግ (መሃሉ ይስተካከል)፣ አለዚያ አዲሱም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

ብሎኖቹን ከማሰራችሁ በፊት ባትሪውን መልሳችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ ሜኑው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ ካላለ ዝጉት።