የፍሪቢኤስዲ ክራሽ ደምፕን በሊብኬቪኤም ማንበብ

የፍሪቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል ፓኒክ ሲያደርግ፣ ማለትም ሊያልፈው የማይችል ስህተት ገጥሞት ሲቆም፣ የሚሞሪውን ይዘት ደምፕ ዲቫይሱ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስዋፕ (ሚሞሪ ሲጠብ የሚያግዘው የዲስክ ቦታ) ላይ፣ ይጽፋል። ማሽኑ ዳግም ሲነሳ ሴቭኮር የሚባለው ፕሮግራም ያንን አንስቶ /ቫር/ክራሽ ውስጥ ቪኤምኮር.0 (ደምፑ ራሱ) እና ኢንፎ.0 (ስለ ደምፑ መግለጫ) ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህን ደምፕ ከሲ ፕሮግራም የምናነብበት ላይብረሪ ሊብኬቪኤም ነው።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ኢንፎ.0 ላይ ያለው ቨርዥን በእጃችሁ ካለው የከርነል ፋይል ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። አፕዴት ከተደረገ በኋላ የድሮውን ደምፕ በአዲሱ ከርነል ብትከፍቱት የሲምቦሎቹ (የከርነሉ ቫሪያብሎችና ፈንክሽኖች ስሞች) አድራሻ ይዛነፋል። ንባቡ ቢከሽፍ ደግ፤ ከባዱ ሳይከሽፍ የማይረባ ቁጥር ሲያመጣ ነው። ደምፑ በዜድስታንዳርድ ወይም በጂዚፕ ታምቆ ከሆነም አስቀድማችሁ ፍቱት፤ ላይብረሪው የታመቀውን አያነብም።

ለመክፈት ኬቪኤም_ኦፕንፋይልስን ተጠቀሙ። የከርነሉን ፋይል፣ የደምፑን ፋይል፣ ለስዋፕ ነል፣ ለማንበብ ብቻ የሚለውን ፍላግ፣ በመጨረሻም 2048 ባይት የሚይዝ የስህተት ባፈር ስጡት። መክፈቱ ከከሸፈ ምክንያቱን የምታገኙት ከዚህ ባፈር ነው፤ ኬቪኤም_ጌትኤረር የሚሠራው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ኬቪኤም_ኤንሊስት ስማቸውን በአሬይ የሰጣችሁትን ሲምቦሎች አድራሻ ይፈልግላችኋል። የአሬዩ የመጨረሻ ስም ነል መሆን አለበት፤ ያ ከተረሳ ፈንክሽኑ ከአሬዩ አልፎ ይሄዳል። 0 ከመለሰ ሁሉም ተገኝተዋል፣ ከ0 በላይ ከሆነ ያልተገኙት ብዛት ነው፣ -1 ከሆነ ጨርሶ አልተሳካም።

ለመጀመሪያ ሙከራ ጥሩው ሲምቦል የፓኒኩ መልእክት የሚገኝበት ፓኒክኤስቲአር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፦ ሲምቦሉ ጽሑፉን ሳይሆን የጽሑፉን አድራሻ ነው የያዘው። ስለዚህ ኬቪኤም_ሪድ ሁለቴ ይጠራል። መጀመሪያ ከሲምቦሉ አድራሻ ፖይንተሩን፣ በ64 ቢት ማሽን 8 ባይት፣ ታነባላችሁ፤ ከዚያ ፖይንተሩ ከሚያመለክተው ቦታ 256 ባይት። የተመለሰው ቁጥር ከጠየቃችሁት ካነሰ ውጤቱን አትመኑት። የወጣው ጽሑፍ ኢንፎ.0 ላይ ካለው የፓኒክ መልእክት ጋር ከገጠመ ከርነሉና ደምፑ ተስማምተዋል ማለት ነው።

የፕሮሰስ ዝርዝር የሚያወጣው ኬቪኤም_ጌትፕሮክስ ነው። የሚመልሰው ሚሞሪ የላይብረሪው ንብረት ስለሆነ ፍሪ አታድርጉት፤ ቀጣዩ ጥሪ ሊያጠፋው ስለሚችል የምትፈልጉትን ኮፒ አድርጉ። የፕሮሰስ ስትራክቸሩን የሚያነበው ላይብረሪው ሲሠራ በነበረው ቅርጽ ስለሆነ ላይብረሪውም ከከርነሉ ጋር የአንድ ቨርዥን ይሁን። የፕሮግራሞቹን የራሳቸውን ሚሞሪ ግን እዚህ አትፈልጉ፤ በተለምዶ የሚወጣው ሚኒደምፕ የከርነሉን ገጾች ብቻ ነው የሚይዘው።

ሲያበቃ በኬቪኤም_ክሎዝ ዝጉት። ኮምፓይል ስታደርጉ ኬቪኤም ላይብረሪን ሊንክ ማድረግ አትርሱ፤ የደምፑን ፋይል የሚያነበውም ሩት ብቻ ነው።