የኮምፖስት ሻዩ ለምን ሸተተ

ለቃሪያ ችግኞቼ የዘፈዘፍኩት የኮምፖስት ሻይ፣ ማለትም ኮምፖስት ተነክሮበት ለተክል የሚጠጣው ውኃ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ገማ እንቁላል ሸተተ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ባልዲውን ከድኜ ትቼዋለሁ፣ አየር ሲያጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ይነግሥበታል። ደፋሁት።

በሁለተኛው ዙር የቧንቧውን ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን በሳፋ ገልጬ አቆየሁት። ከዚያ ለ10 ሊትር 1 ኪሎ ገደማ የበሰለ ኮምፖስት በጆንያ ቁራጭ ቋጥሬ ነከርኩ፤ በዓሣ ገንዳ አየር መንፊያም 24 ሰዓት አስነፋሁት። የጫካ አፈር ሲሸት ሳላሳድር የችግኞቹ ሥር ላይ አፈሰስኩ። ሞላሰስ (የስኳር ተረፈ ምርት) አልጨመርኩም፤ ጎጂ ጀርምም ሊያራባ ይችላል፣ ቃሪያ ደግሞ በጥሬው የሚበላ ነው።

ማይኮራይዛ የሚባለውን፣ ከተክል ሥር ጋር ተወዳጅቶ የሚኖረውን ፈንገስ ችግኙን ሳዛውር በቀጥታ ሥሩ ላይ ነሰነስኩ፤ ሥር ካልነካ አይሠራም። ለጎመኑ ግን አላባከንኩም። ጎመን ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጅም።