በዓይን ጠብታ አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ በመድኃኒት ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ ባዶ የጠብታ ጠርሙስ ከኪስ አውጥቶ «ይህንኑ ስጡኝ» የሚል ሰው ነው። ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ ለጠያቂው የታዘዘ አይደለም፤ ዓምና ለእህቱ የተሰጠ ወይም ጎረቤት «እኔን በአንድ ቀን ነው ያሻለኝ» ብሎ ያዋሰው ነው። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ የማስረዳውም እርሱን ነው።

ዓይን በባክቴሪያ፣ በቫይረስ፣ በአለርጂ፣ በድርቀት፣ በኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ቁስል ወይም በዓይን ግፊት ድንገተኛ መጨመር ሊቀላ ይችላል፤ ከውጭ ለሚያየው ግን ሁሉም ቀይ ዓይን ነው። በአንድ ቀን «የሚያሽለው» ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የያዘ ሲሆን፣ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅሎ የሚቀርብም አለ። ስቴሮይድ ቅላቱንና ማሳከኩን በፍጥነት ያበርዳል እንጂ ጀርሙን አይገድልም። ቁስሉ በሄርፐስ ቫይረስ የመጣ ከሆነ፣ ወይም በአጨዳ ወቅት ገለባ ዓይን ወግቶ ፈንገስ አስገብቶ ከሆነ፣ ጠብታው የዓይንን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ቁስሉ ወደ ውስጥ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ታማሚው ደግሞ ቅላቱ ስለቀነሰለት ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ኮርኒያው ነጭ ጠባሳ ከያዘ በኋላ ሊሆን ይችላል።

በተለይ የሚያሳዝኑኝ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ናቸው። በበጋ፣ አቧራው ሲበረታ ዓይናቸውን ያለማቋረጥ ያሻሉ፤ ወላጅም ያንኑ ጠብታ በየወሩ ይገዛል፣ ልጁ ማሸቱን ስለሚተው መድኃኒቱ የተስማማው ይመስላል። ለወራት የሚጨመር ስቴሮይድ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ሊያመጣ፣ የዓይን ሞራንም ሊያስከትል ይችላል። ግፊቱ ቀስ በቀስ ሲጨምር ሕመም ስለሌለው፣ ልጁም እይታው ከዳር እየጠበበ መሆኑን ስለማያውቀው፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ የተጎዳ የዓይን ነርቭ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ግፊቱን እየለካ የሚከታተል ሐኪም ላዘዘው ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሐኪሙ ቀስ እያሉ እንዲቀንሱት ካዘዘም በድንገት አያቋርጡት።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ስህተት የግላኮማ ጠብታን «ለውጥ አላየሁበትም» ብሎ መተው ነው። የዚህ ጠብታ ሥራ የቀረውን እይታ መጠበቅ እንጂ የጠፋውን መመለስ አይደለም፤ ለውጥ አለመታየቱም መድኃኒቱ አለመሥራቱን አያሳይም። ጠርሙሱ ከማለቁ በፊት ሌላውን ይግዙ። ከግላኮማ ጠብታዎች አንዱ የሆነው ቲሞሎል አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

በአጨማመር በኩል የሚፈጸመው ስህተት ሁለትና ሦስት ጠብታ ማፍሰስ ነው። ዓይን አንዷን ጠብታ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይዝም፤ ትርፉ በጉንጭ ይወርዳል ወይም በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ አልፎ ወደ ደም ይገባል። እጅዎን ታጥበው፣ ቀና ብለው፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርገው በሚፈጠረው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ይጨምሩ፤ ከዚያም ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ጫን ያድርጉ። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን ከነካ ጀርም ስለሚገባበት እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ሌላ ዓይነት ጠብታ ከታዘዘልዎ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቅባት ካለ መጨረሻ ይቀባል። ለጆሮ የተሠራ ጠብታ በፍጹም ዓይን ውስጥ አይገባም።

አብዛኛው ጠብታ ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ይጣላል፤ ስለዚህ የከፈቱበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የከተማችን ሙቀት ስለሚያይል ጠርሙሱን ባጃጅ ውስጥ ወይም መስኮት ላይ አይተዉት። ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገውን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ።

ጠብታ የማያድነውን በጠብታ ለማዳን መሞከርም ጊዜ ያባክናል። ጣና ላይ በታንኳ የሚውሉ ዓሣ አጥማጆች ዓይን ላይ ከአፍንጫ በኩል ተነሥቶ ወደ ብሌን የሚያድግ ሥጋ የማየት አጋጣሚ አለኝ፤ ለዚህ ዋናው ምክንያት የፀሐይ ጨረር ሲሆን ከውኃው የሚንጸባረቀውም ይጨመርበታል። ጠብታ መቆጥቆጡን ያስታግሥ እንደሆነ እንጂ ሥጋውን አያጠፋውም፤ ብሌን ወደ መሸፈን ከደረሰ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። በክልላችን በስፋት የሚገኘው ትራኮማ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ቀልብሶ ፀጉሩ ኮርኒያን መፋቅ ከጀመረም የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ጠብታ መጨመር ጊዜያዊ እፎይታ ብቻ ይሰጣል። የጡት ወተትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ አይጨመርም።

ከቅላቱ ጋር ብርቱ ሕመም፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም ብርሃን መፍራት ካለ ጠብታ ከመግዛት ይልቅ በዚያው ዕለት የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። ኖራ፣ በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ ከገባ ግን ከጉዞው በፊት ዓይንን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይቀድማል። ከተወለደ አንድ ወር ያልሞላው ሕፃን ዓይኑ መግል ከያዘ ወይም ካበጠ ሰዓት ሳይባክን ሐኪም ይየው።