ቲሸርት ያለ ቀረጥ ወደ አውሮፓ መላክ

የአውሮፓ ኅብረት በአዳጊ አገሮች ደረጃ ዝቅተኛው ረድፍ ላይ ላሉት አገሮች፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ ከጦር መሣሪያና ከጥይት በቀር ለሁሉም ምርት ቀረጥ ካነሳ ቆይቷል፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 12 በመቶ ስለሆነ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ግን ካልጠየቁት አይሰጥም።

ከሁሉ በፊት የስሪት አገር ጉዳይ ይጣራ። ጨርቁ ከቻይና ቢመጣም፣ ተቆርጦ የተሰፋው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ቲሸርቱ የኢትዮጵያ ምርት ይባላል። ይህ ለእነዚህ አገሮች ብቻ የተደረገ ማላላት ነው። ተሰፍቶ ያለቀ ቲሸርት አስመጥቶ አርማ ማተም፣ ማሸግ ወይም መለያ መለጠፍ ግን አያበቃም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ መግለጫው ይጻፋል። የጭነቱ ዋጋ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ማንኛውም ላኪ ራሱ ኢንቮይሱ ላይ የስሪት አገር መግለጫ መጻፍ ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አስቀድሞ ተመዝግቦ የሬክስ (REX፣ የተመዘገበ ላኪ መለያ) ቁጥር ማውጣት ግድ ነው። መግለጫው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ፣ ደንቡ ያስቀመጠው ቃል ሳይለወጥ ይጻፋል፤ አሳምሮ መጻፍ እዚህ ዋጋ የለውም። በመጨረሻው መስመር «ደብልዩ» (W) የሚለው ፊደል፣ ማለትም ከውጭ በመጣ ግብዓት አገር ውስጥ ለተሠራ ምርት የሚውለው፣ እና የዕቃው ባለ 4 አኃዝ የታሪፍ ቁጥር ይገባል፤ ለሹራብ ጨርቅ ቲሸርት 6109። «ፒ» (P) ሙሉ በሙሉ አገር ውስጥ ለተገኘ ምርት፣ ለምሳሌ ለቡና፣ ነው። መግለጫው ለ12 ወር ያገለግላል።

ጭነቱ በጅቡቲ ወይም በሌላ ወደብ ማለፉ ችግር የለውም፤ መንገድ ላይ ዕቃው ከተነካካ ወይም ከተለወጠ ግን መብቱ ይቀራል። የጭነት ሰነዶቹን በሙሉ ያስቀምጡ።

አውሮፓ ያለው አስመጪ ቅናሹን በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ መጠየቅ አለበት። ዝም ካለ 12 በመቶው ይቆረጥበታል፤ ቀረጡን የሚከፍለው እሱ ቢሆንም ዞሮ ዞሮ የእርስዎን ዋጋ ያስቀንሳል። መግለጫው ከተረሳ ዕቃው ከወጣ በኋላም ሊጻፍ ይችላል፤ ዕቃው እዚያ ከገባ በ2 ዓመት ውስጥ እስከቀረበ ድረስ።

የጨርቅ ግዢ ደረሰኝ፣ የምርት መዝገብና የመግለጫው ቅጂ፣ መግለጫው ከተጻፈበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጡ። የአውሮፓ ጉምሩክ ማጣራት ሲጠይቅ መልስ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።